ብስክሌት ከመግዛት በፊት እግርን መለካት፦ ለሰውነት የሚስማማ ፍሬም እንዴት ይመረጣል?

ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም «26» ወይም «28» ሲል ይመልሳል። ገዢውና ሻጩ በዚህ ንግግር የተግባቡት ስለ ጎማው ነው፤ ቁጥሩ ጎማው ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ ይገልጻል። ብስክሌቱ ለገዢው አካል ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ግን ሌላ ቁጥር ነው። እርሱም የፍሬሙ ልክ ነው።

ፍሬም የብስክሌቱ አጥንት ነው። ጎማ ሲያረጅ ይቀየራል፤ ፍሬን ሲላላ ይጠበቃል፤ መቀመጫ ሲቆረቁር በሌላ ይተካል። ያለ ልክ የተገዛ ፍሬም ግን ሊረዝምም ሊያጥርም አይችልም። ከእህል ሽያጭ በተቆጠበ ገንዘብ ልጁን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ብስክሌት የሚገዛ አርሶ አደርም ሆነ በባሕር ዳር አስፓልት ወደ ሥራ የሚመላለስ የከተማ ነዋሪ ይህን አንድ ነገር ከሳተ፣ የከፈለው ገንዘብ በጉልበት ሕመምና በጀርባ ድካም ይመለስለታል። ይባስ ብሎም ድንገት መቆም በሚያስፈልግበት ቅጽበት እግሩ መሬት ላይደርስ ይችላል።

ነገሩ በመሠረቱ ለገጠሩ ኅብረተሰብ እንግዳ አይደለም። ገበሬ ቀንበር ሲያዘጋጅ የበሬዎቹን ጫንቃ ያያል፤ በቅሎ የሚቀመጥ ሰውም እርካቡን እንደ እግሩ ርዝመት ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። ለብስክሌትም የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ሥራውም ከአንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከአንድ ጠንካራ መጽሐፍና ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይጠይቅም።

የፍሬም ልክ ሲባል ምን ማለት ነው?

የብስክሌት ፍሬም ከተለያዩ ቱቦዎች የተበየደ ነው። ከእነዚህ መካከል መቀመጫው የሚሰካበትና ወደ ታች ወርዶ ከፔዳሎቹ ማዞሪያ ጋር የሚገናኘው የመቀመጫ ቱቦ ይባላል። በነባሩ አሠራር የፍሬም ልክ የሚባለው የዚህ ቱቦ ርዝመት ነው። የሚለካውም የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት እምብርት መሐል ጀምሮ ወደ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት የአለካክ ልማዶች አሉ። አንዳንድ አምራቾች የሚለኩት ከእምብርቱ መሐል አግድሙ ቱቦ ከመቀመጫ ቱቦው ጋር እስከሚገናኝበት መሐል ድረስ ነው። ሌሎች ደግሞ እስከ መቀመጫ ቱቦው ጫፍ ድረስ ይለካሉ። በሁለቱ መካከል የአንድ ወይም የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ስለሚኖር 54 ተብለው የተጻፉ ሁለት ብስክሌቶች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

የኮርስ ብስክሌት፣ ማለትም ለአስፓልትና ለውድድር የተሠራው ቀጭን ጎማ ያለውና መሪው ወደ ታች የታጠፈው ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሳንቲ ሜትር ነው። ማውንቴን የሚባለው ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት ደግሞ በኢንች ይለካል፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ «18» የሚል ጽሑፍ በማውንቴን ፍሬም ላይ ያየ ሰው ቁጥሩን ከጎማው ቁጥር ጋር ሊያምታታው አይገባም። በዚህ ዘመን ብዙ አምራቾች ቁጥሩን ትተው እንደ ልብስ «ትንሽ»፣ «መካከለኛ» እና «ትልቅ» የሚሉ ምልክቶችን ይጠቀማሉ። የአንዱ አምራች መካከለኛ ከሌላው መካከለኛ ጋር እኩል እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር ግን የለም።

ቁመት ብቻውን አይበቃም

በብዙ መሸጫ ቦታዎች ገዢው ቁመቱን ተጠይቆ ወይም ዝም ብሎ ታይቶ ብስክሌት ይቀርብለታል። ይህ ግምት አንዳንዴ ይሳካል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይሳካም። ቁመታቸው እኩል 1 ሜትር ከ75 የሆኑ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ የአንደኛው የውስጥ እግር 79፣ የሌላኛው 84 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አጭር እግርና ረጅም ደረት፣ ሁለተኛው ረጅም እግርና አጭር ደረት አላቸው ማለት ነው። ለሁለቱ የሚስማማው የኮርስ ፍሬም የሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ይኖረዋል። ስለሆነም ዋናው መነሻ የውስጥ እግር ልክ፣ ማለትም ከብሽሽት እስከ መሬት ያለው ርዝመት ነው።

አለካኩ

1. ጫማ አውልቆ በተስተካከለ ወለል ላይ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ መቆም። በሁለቱ እግሮች መካከል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መተው።
2. ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮች መካከል አስገብቶ፣ መጽሐፉ የተሰፋበትን ጀርባውን ወደ ላይ በማድረግ ወደ ብሽሽት መግፋት። በመቀመጫ ላይ ሲቀመጡ የሚሰማውን ያህል ጠበቅ ማለት አለበት። የግንበኛ ውሃ ልክ ካለ ከመጽሐፉ የተሻለ ያገለግላል፤ ማጋደሉንም ያሳያል።
3. የመጽሐፉ ላይኛ ጠርዝ ግድግዳውን በነካበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ቢያግዝ ይመረጣል፤ የሚለካው ሰው ወደ ታች ሲያጎነብስ ልኩ ይዛባልና።
4. ከምልክቱ እስከ ወለሉ ያለውን ርዝመት በሜትር መለካት። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መያዝ።

የሱሪ ልክ ለዚህ አያገለግልም። ልብስ ሰፊ የሚይዘው ልክ ሱሪው ከሚያበቃበት ቦታ ጋር ስለሚያያዝ ከትክክለኛው የእግር ርዝመት በብዙ ሳንቲ ሜትር ሊያንስ ይችላል።

ስሌቱ

ለኮርስ ብስክሌት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ስሌት የውስጥ እግርን በ0.65 ማባዛት ነው። ውጤቱ ከመሐል እስከ መሐል የሚለካውን የመቀመጫ ቱቦ ርዝመት ይሰጣል። እስከ ቱቦው ጫፍ ለሚለኩ ፍሬሞች በ0.67 ይባዛል። በ0.65 ሲሰላ የሚከተለው ይገኛል፦

- የውስጥ እግሩ 72 ሳ.ሜ ለሆነ ሰው፦ ወደ 47 ሳ.ሜ
- 76 ሳ.ሜ ለሆነ፦ ወደ 49 ሳ.ሜ
- 80 ሳ.ሜ ለሆነ፦ 52 ሳ.ሜ
- 84 ሳ.ሜ ለሆነ፦ ወደ 55 ሳ.ሜ
- 88 ሳ.ሜ ለሆነ፦ ወደ 57 ሳ.ሜ

የማውንቴን ፍሬም ከዚህ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ነጂው በጉድጓድና በድንጋይ መካከል ድንገት እግሩን ማውረድ ስለሚያስፈልገው ነው። የውስጥ እግርን በሳንቲ ሜትር ወስዶ በ0.226 ማባዛት የፍሬሙን ግምታዊ ልክ በኢንች ያሳያል። በዚህ መሠረት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ እግር ወደ 18 ኢንች ገደማ ይወስዳል።

እነዚህ ስሌቶች የተቀመሩት አግድሙ ቱቦ ከመሬት ጋር ትይዩ በነበረበት ዘመን ነው። አሁን የሚሠሩ ብዙ ፍሬሞች አግድም ቱቧቸው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ በመሆኑ የመቀመጫ ቱቧቸው ያጥራል። እንዲህ ያለ ፍሬም ሲያጋጥም የቱቦውን ርዝመት ብቻ ይዞ «ይህ ለእኔ ያንሳል» ማለት ያሳስታል፤ የአምራቹን የልክ ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል።

ከመሪው ጋር ያለው ርቀት

እግር ከተለካ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የላይኛው አካል ነው። ነጂው ከመቀመጫው ተነሥቶ መሪውን ለመያዝ ምን ያህል መዘርጋት አለበት? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የአግድሙ ቱቦ ርዝመት ነው። ቱቦው ባዘቀዘቀ ፍሬም ላይ ርዝመቱ የሚወሰደው ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ ሊኖረው በሚችለው መጠን ነው።

የዘመኑ አምራቾች ሁለት ተጨማሪ ልኮችን ይጽፋሉ። አንደኛው «ሪች» ይባላል፤ ከፔዳሉ እምብርት አንሥቶ እስከ መሪው ቱቦ አናት ድረስ ወደ ፊት ያለው አግድም ርቀት ነው። ሁለተኛው «ስታክ» ሲሆን በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ወደ ላይ ያለው ከፍታ ነው። ሪች ሲረዝም ነጂው ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ስታክ ሲጨምር ቀና ብሎ ይቀመጣል። ሁለት ብስክሌቶችን ለማነጻጸር ከመቀመጫ ቱቦ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ የበለጠ ይታመናሉ።

የውድድር ብስክሌተኛ ነፋስን ለመቀነስ ዝቅ ብሎ ይዘረጋል። በ2008 ዓ.ም በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይን የመሰሉ ባለሙያዎች በዚህ አቀማመጥ ለረጅም ሰዓታት መቆየት የሚችሉት አካላቸው በልምምድ ስለጠነከረና ብስክሌታቸውም በእነርሱ ልክ ስለሚስተካከል ነው። ጠዋት ወደ ቢሮ፣ ማታ ወደ ቤት የሚነዳ ሰው ያንኑ አቀማመጥ ቢኮርጅ ትርፉ የአንገትና የወገብ ሕመም ይሆናል። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት መሪው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ክርን በመጠኑ ታጥፎ፣ ትከሻም ሳይወጠር መንዳት ይሻላል።

በሁለት ልክ መካከል ሲወድቁ

ስሌቱ 53 አውጥቶ በሱቁ ያሉት 52 እና 54 ቢሆኑስ? በአብዛኛው የሚመከረው ትንሹን መውሰድ ነው። መቀመጫውን ከፍ ማድረግ፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን አንገት በአንድ ወይም በሁለት ሳንቲ ሜትር ረዘም ባለ መቀየር ይቻላል። ትልቅ ፍሬምን ግን ማሳነስ አይቻልም። ደረቱና ክንዱ ከእግሩ አንጻር የረዘመ ሰው ብቻ ትልቁን ቢመርጥ ሊመቸው ይችላል፤ እርሱም ቢሆን በሁለት እግሩ ቆሞ አግድሙን ቱቦ ሳይነካ መቅረቱን ማረጋገጥ አለበት።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። የሚነዳበትን ጫማ አድርጎ ብስክሌቱን በሁለት እግር መካከል አስገብቶ ከመቀመጫው ፊት ለፊት መቆም ነው። አግድም ቱቦው ትይዩ በሆነ የኮርስ ብስክሌት በብሽሽትና በቱቦው መካከል ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ለማውንቴን ክፍተቱ 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ክፍተት ከሌለ ነጂው ድንገት ሲቆም አደጋው በቱቦው ላይ መውደቅ ነው።

በኋላ መጫኛው ላይ ኬሻ ወይም ጀሪካን የሚጭን ሰው ደግሞ ከዚህም የበለጠ ክፍተት ያስፈልገዋል። ጭነት ያለበት ብስክሌት ሲያዘነብል የሚይዘው መሬት የረገጠ እግር ነው፤ በጣት ጫፍ ቆሞ ጭነት መመለስ አይቻልም።

የመቀመጫ ከፍታ

ትክክለኛ ፍሬም ተገዝቶ መቀመጫው ያለ ልክ ከተሰካ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቱር ደ ፍራንስን በ1986፣ በ1989 እና በ1990 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው ስሌት የውስጥ እግርን በ0.883 ማባዛት ነው። ውጤቱ ከፔዳሉ እምብርት መሐል በመቀመጫ ቱቦው አቅጣጫ እስከ መቀመጫው አናት ያለውን ርቀት ይሰጣል። ለ80 ሳንቲ ሜትር እግር 70.6፣ ለ84 ደግሞ 74.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ሜትር በሌለበት በተረከዝ መለካት ይቻላል። ነጂው ግድግዳ ተደግፎ መቀመጫው ላይ ይቀመጥና ተረከዙን በፔዳሉ ላይ አድርጎ ፔዳሉን ወደ ታችኛው ነጥብ ያወርዳል። እግሩ ቀጥ ካለ ከፍታው ተስማምቷል። ከዚያ በኋላ በተለመደው አነዳድ፣ ማለትም ፔዳሉን በእግሩ ፊት ሲረግጥ፣ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፋል። የሚፈለገውም ይኸው መጠነኛ መታጠፍ ነው።

የመቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተትም ይታያል። የፔዳሎቹ ክንዶች ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆኑ ከፊተኛው እግር የጉልበት ሎሚ ፊት የግንበኛ ቱንቢ ቢወርድ በፔዳሉ መሐል ወይም በዚያ አካባቢ ማለፍ አለበት። ይህ ፍጹም ሕግ ባይሆንም ጥሩ መነሻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በመቀመጫው ዘንግ ላይ ከዚህ በላይ አታውጡ የሚል መስመር ተቀርጿል። መስመሩ ከቱቦው ውጭ ከታየ ዘንጉ ሊሰበር ወይም ፍሬሙን ሊሰነጥቅ ይችላል። መቀመጫው እስከዚያ መስመር ወጥቶም እግር ካልተዘረጋ ፍሬሙ ለነጂው ትንሽ መሆኑን ያመለክታል። በነባር የከተማ ብስክሌቶች ከፍና ዝቅ በሚለው የመሪ አንገት ላይም ተመሳሳይ መስመር አለ።

ሰውነት የሚሰጠው ምልክት

የልክ ስህተት ራሱን በሕመም ያሳውቃል፦

- ጉልበት ከፊት በኩል ሲያም፦ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል።
- ጉልበት ከኋላ በኩል ሲያም፣ ወይም ዳሌ በመቀመጫው ላይ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፦ መቀመጫው ከፍ ብሏል።
- መዳፍና ጣት ሲደነዝዝ፦ መሪው ርቋል፣ ዝቅ ብሏል ወይም የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ታች አዘቅዝቋል። በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ ይህ ይባባሳል።
- አንገትና ትከሻ ሲወጠር፦ ርቀቱ ረዝሟል፤ ወይም የመሪው ስፋት ከትከሻ ስፋት ጋር አልተመጣጠነም።
- ጉልበት ሲታጠፍ ከመሪው ጋር ሲጋጭ፦ ፍሬሙ አጥሯል።

ማስተካከያው በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ባይሆን ይመረጣል። አንድ ነገር ቀይሮ ጥቂት ቀናት መንዳት፣ ከዚያ ሌላውን መመልከት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው ማወቅ ያቅተዋል። በማስተካከል የማይለቅ ሕመም ግን ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳል።

ለልጆች፦ «ያድግበታል» የሚለው አደጋ

ወላጆች ለልጅ ልብስና ጫማ ሲገዙ ከፍ ያለ ልክ መምረጣቸው የተለመደ ነው። ልብስ ቢሰፋ ይታጠፋል። ብስክሌት ቢሰፋ ግን ልጁ ፍሬን የሚይዝበት ጣት አይደርስለትም፤ ሲቆምም መሬት አይነካም። የልጆች ብስክሌት በጎማ ቁጥር 12፣ 16፣ 20 እና 24 ኢንች ተብሎ ይከፈላል፤ በዚህ ደረጃ የጎማው ቁጥር ከልጁ አካል ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መንዳት የሚጀምር ልጅ በመቀመጫው ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መርገጥ አለባቸው። ለማደግ የሚተወው ቦታ በመቀመጫው ዘንግ ላይ የቀረው ከፍታ ብቻ ይሁን።

ለሴቶች ለብቻቸው የተለየ ስሌት አያስፈልግም፤ የሚለካው እግርና ክንድ እንጂ ጾታ አይደለም። ቀሚስ ለብሶ ለሚነዳ ሰው ግን አግድም ቱቦው ወደ ታች የወረደ ፍሬም መውጣትና መውረዱን ያቀላል። እጃቸው አነስ ያለ ነጂዎች የፍሬኑን እጀታ በብሎኑ ወደ መሪው እንዲጠጋ ማስደረግ ይችላሉ።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ገዢው የውስጥ እግሩን ልክ በወረቀት ጽፎ፣ ሜትር ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ ከብዙ ክርክር ይድናል። የመቀመጫ ቱቦውን በራሱ ይለካል፤ በአግድሙ ቱቦ ላይ ቆሞ ክፍተቱን ያያል፤ መቀመጫውን አስተካክሎ ጥቂት መቶ ሜትር ይነዳል፤ መሪውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ፣ ፍሬን ይዞ፣ እግሩን አውርዶ ይቆማል። ያገለገለ ብስክሌት ከሆነ በቱቦዎቹ መገናኛ ላይ ስንጥቅ ወይም እንደገና የተበየደ ቦታ መኖሩን፣ የፊት ሹካውም አለመጣመሙን ይመረምራል።

ቀለሙ የሚያምር፣ ማርሹ የበዛ ብስክሌት ዓይን ይስባል። በአንድ መሸጫ ውስጥ ግን ርካሹና በልክ የሆነው፣ ከውዱና ከልክ ውጭ ከሆነው ይበልጣል። ማርሽ በኋላም ይጨመራል፤ ቀለምም ይታደሳል። ፍሬሙ ግን በተገዛበት ዕለት የነበረው ልክ እስከ መጨረሻው አብሮት ይኖራል።